ጳጉሜን ስድስትን ያረመው ሰው

በአባቴ ቤት ስለ አንድ ሊቅ ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደተማረ ሳይሆን የት በሊቃውንት ፊት ተፈትኖ እንዳስመሰከረ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የድጓ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም። ድጓውን ሌላ አገር ተምረው ከጨረሱ በኋላ፣ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም ደብር ያላስመሰከረ መምህር ሙሉ አይደለም ብለው ወደ ጋይንት መጡና እንደገና ከተማሪ ጋር ተቀመጡ። መምህራቸው በሰው ሁሉ ፊት አስቁመው እንዴት እንዳረሟቸው ዛሬም በኩራት ያወራሉ። በእኛ ቤት መታረም ማዕረግ ነው።

ከዚያ ቤት ወጥቼ እኔ መታረምን የምፈራ ሆንኩ።

ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የሠራሁት ሶፍትዌር ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ አካባቢ የተሰበሰቡ፣ በየመካከሉ ቀን የጎደለባቸውን የዝናብ መረጃዎች አስልቶ የሚሞላ ነው። ስለ እሱ የጻፍኩትን ለማሳተም ሁለት ጆርናሎች ፊቴ ነበሩ። የአንደኛው ገምጋሚዎች ፕሮግራሙን ራሳቸው ጭነው ያስኬዱታል፤ ያገኙትንም ስህተት ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ሁለተኛው ጽሑፉን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ኮዱን የሚከፍት የለም። ፕሮግራሜ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ላይ ሲደርስ እንደሚደናቀፍ አውቅ ነበር። ስድስተኛዋን ቀን ይዘልና ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝናብ ሁሉ ባልዘነበበት ቀን ያዘንበዋል። ላስተካክለው ሞክሬ አቃተኝ። የእድገት ማመልከቻዬም ቀነ ገደቡ ደርሶ ነበር። ተማሪዎቼ ያን ገጽ ከፍተው ስህተቴን ሲያነቡ ታየኝና ሁለተኛውን መረጥኩ። ጽሑፉ አንዲት ፊደል ሳትነካ ታተመ። እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ፤ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የአባቴ የማኅበር ተራ ሲደርስ አገር ቤት ገባሁ። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ አባቴ ለማኅበርተኞቹ፣ "ልጄ ከፈረንጅ ሊቃውንት ዘንድ አስመሰከረች" አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እስቲ ንገሪያቸው፣ ምን ላይ አረሙሽ?" አሉኝ።

ምንም አላረሙኝም ብል በእኔ ያፍራሉ። በእሳቸው ዘንድ ያልታረመ ሰው ማለት ማንም ያልሰማው ሰው ነው። ምላሴ ቀደመኝ።

"ጳጉሜን ስድስት ላይ፣ የኔታ። ስድስተኛዋን ቀን ዘለልሽ ብለው መለሱብኝ።"

አባቴ ጭናቸውን መቱ። "ሰማችሁ? ፈረንጅ ሆኖ ጳጉሜን ስድስትን ያውቃል! ይኸ የዋዛ ሊቅ አይደለም።"

"መቼም የዘመን ቆጠራውን፣ ባሕረ ሐሳብን ሳይማር አልቀረም" አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ፣ ከልባቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

"አስተካከልሽው ታዲያ?"

"አስተካከልኩት።" አንዴ ከጀመሩ ወዲያ ምን ይቸግራል! ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩ።

አበቃ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ክርስትና ስሙ ማነው?"

"የማን፣ የኔታ?"

"ያረመሽ ነዋ። እኔ የመምህሬን ስም ሳልጠራ ጸሎት ጨርሼ አላውቅም። ያንቺንም እጨምራለሁ።"

እውነቱን መናገሪያው ያኔ ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰው አፌን አፌን ያየኛል። አባቴ ደስ ብሏቸው እንዲህ ሲያዩኝ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አላስታውስም።

"ስማቸውን አይነግሩንም። ገምጋሚ ስሙን ሰውሮ ነው የሚያርመው" አልኩ። ይህስ ሐሰት አይደለም፤ በብዙ ጆርናል ልማዱ እንዲያ ነው። ከተናገርኩት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ግን ይኸው እውነቱ ነው።

የአባቴ ዓይን እንባ አቀረረ። "ውዳሴ ከንቱን የሸሸ ሰው ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ተነሡ፤ ሁሉም አብሮ ተነሣ። ስለ ሙታን ጸለዩ፣ ስለ ሕሙማን፣ ስለ መኸሩ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ልጄን አርሞ ለዚህ ላበቃት፣ ስሙን አንተ ለምታውቀው ባሪያህ ረጅም ዕድሜ ስጥልን" አሉ።

ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ።