ፈሪ ያሰኘኝ እጢ

ዛሬ ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ ያለው አፓርትመንቴ መታጠቢያ ቤት ያኔ ከታሰርኩበት ክፍል ይሰፋል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ውስጥ የነበረው ሠላሳ አንድ ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ሺህ እግር መሰለኝ። የክፍሉ ካቦ፣ ማን የት እንደሚተኛ የሚወስነው እስረኛ፣ በሩ ሥር ሸጎጠኝ።

የታሰርኩት ከጓደኞቼ ጋር በጻፍነው የተቃውሞ ደብዳቤ ነበር። መርማሪው የፈለገው የአራት ጓደኞቼ ስም ያለበት ቃል ላይ እንድፈርም ብቻ ነው። ችግሩ፣ ቢሮው በር ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ልቤ እንደ ነጋሪት ይደልቃል፤ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ፊቴ አመድ ይመስላል። ላቤማ ቢጠራቀም የጥምቀት ገንዳ ይሞላ ነበር።

«አየህ» ይለኛል መርማሪው፣ «አፍህ ቢክድም ላብህ አምኗል።»

እኔም ነገሩን ተቀበልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ደፋር ቀልደኛ ነኝ ስል ለካ ፈሪ ኖሬያለሁ! «ፈሪው መጣ፣ ባልዲ አቅርቡ!» ይላል ካቦው። ዛሬ ነገ እንደምፈርም ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ እኔም ጭምር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳቦዬ ወደቀ። ላነሳ ጎንበስ ስል ያው ነገር መጣ። ገጠር ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከጥጋቸው እየተንፏቀቁ ቀረቡ።

«አሁን ደግሞ ማን አስፈራራህ?»

«ማንም።»

«ዳቦው ነዋ!» አለ ካቦው።

«ዝም በል አንተ። ይልቅ እጅህን አምጣ።» በቀኛቸው የሱን፣ በግራቸው የኔን ክንድ ይዘው የልብ ትርታችንን አዳመጡ። «የሱ አንድ ሲመታ ያንተ ሁለት ይመታል» አሉኝ። ከዚያ ክፍሉን ቃኙ። «ሰው ሲመረመር አይታይም። ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ!»

ለመዞር ስንዝር ቦታ ያልነበረው ሠላሳ ሰው ዞረ።

ሸሚዜን ገለጡ፤ ሆዴን ግን አልተጫኑም። «እንዲህ ያለው ሲጫኑት ይብሳል። አባትህ በሕይወት አሉ?»

«በድንገት ሞቱ። እሳቸውም እንዲህ ላብ በላብ ይሆኑ ነበር።»

«ከኩላሊት በላይ ቆብ የመሰለች ነገር አለች። ስንደነግጥ ልብን የሚያስሮጠውን ነገር የምታመነጨው እሷ ናት። እዚያ ላይ እጢ ሲበቅል ምንም ሳያስደነግጥህ ትረጨዋለች። ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየሁት። መሣሪያ ስለሌለኝ አልምልልህም። ዳቦ ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ የሚነሳ ነገር ግን ፍርሃት አይደለም፣ ልጄ።»

«ሰማችሁ?» ብዬ ጮህኩ። «ፈሪ አይደለሁም! እጢ ነው!»

እጢ አለብህ ተብሎ የጨፈረ ሰው ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ካቦው አቀፈኝ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ሰርግ ቤት ሆነ፤ ጠባቂው በሩን በዱላ ደበደበው።

«በል ተቀመጥ፣ ይነሳብሃል» አሉ ሽማግሌው።

በማግስቱ ተጠራሁ። ላቡም አልቀረም።

«ይኸው፣ አላበህ» አለኝ መርማሪው።

«አዎ፣ አሞኛል። አልፈርምም» አልኩና እስክሪብቶውን በሁለት እጄ መለስኩለት።

ተፈትቼ ሲያትል ስመጣ ሐኪሞቹ ደሜንና ሽንቴን መርምረው፣ ሆዴን በሲቲ ስካን አንስተው እጢውን አገኙት። ፊዮክሮሞሳይቶማ ይሉታል፤ ስሙን መጥራት ብቻውን ግፊት ያስነሳል። መጀመሪያ ለሳምንታት ግፊቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ከዚያ በትንንሽ ቀዳዳ አወጡት። በዘር ሊተላለፍ ስለሚችል ልጄም ተመረመረች። ኮል አድርጋ «ዳድ፣ አይ አም ፋይን» ስትለኝ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ብቻዬን እልል አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሲያትል አጠገብ ሊንውድ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ያንን መርማሪ የሚመስል ሰው ከኋላዬ ተሰለፈ። ልቤ ዘለለ፤ መዳፌ ራሰ። እጢው ከወጣ ቆይቷል። ይሄኛው የራሴው ፍርሃት ነው። እስክሪብቶውን የመለስኩ ዕለትም ከላቡ ግማሹ የፍርሃት ሳይሆን አይቀርም።

ፈርቼም ግን አልፈረምኩም።