የእሑድ ሙዚቃ በአሮጌው ግንብ

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ሰፍሮ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ክረምት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌው ግንብ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ እንኳ ያጋነንሁ ይመስላቸዋል።

ግንቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ነው። የድሮ ንጉሥ አሠራው ይባላል እንጂ የትኛው ንጉሥ እንደሆነ እርግጡን የሚናገር አልነበረም። ጣሪያው ከወደቀ ብዙ ዘመኑ ነው። ግድግዳው ግን ቆሟል፤ ከአንዱ ማዕዘን ደግሞ የድንጋይ ቆብ የደፋች አንዲት ሰፊ ክፍል ሳትፈርስ ቀርታለች። ሳማና እሾህ ስለወረሰው ከጅብ በቀር የሚገባበት አልነበረም።

የጣሊያን ሙዚቀኞች አለቃ ይህን ግንብ አይቶ ወደደው። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ጢሙ የሸበተ፣ መንገድ ሲሄድ እንኳ በጣቱ ጭኑን እየመታ ምት የሚቆጥር ሰው ነበር። በተወለደበት ከተማ የጥንት ሮማውያን የሠሩት እንዲህ ያለ ፍራሽ አለ አሉ። በጋ በገባ ቁጥር ሕዝቡ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ሙዚቀኞቹ ከመካከል ሆነው ይጫወታሉ። ሰውየው አገሩ ናፍቆት ኖሮ ወታደሮቹን ሳማውን አሳጨደና እዚህም እንደዚያ አደርጋለሁ አለ። ያላሰበው ነገር ቢኖር የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ነው። ሰኔ ሲገባ ጀመረ።

አስተርጓሚው ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ፣ «ነገ ባንዳ ግንቡ ላይ ይጫወታል፤ ሁላችሁም ኑ» ብሎ ተናገረ። በእነሱ ቋንቋ ባንዳ ማለት የሙዚቃ ጓድ ነው። እኛ ግን ባንዳ የምንለው ለጣሊያን አድሮ የወገኑን ቤት የሚያቃጥለውን ያገራችንን ሰው ነው። ባንዳ ይጫወታል ሲባል በማን ላይ ሊጫወት ነው ብለን ፈራን። በማግስቱ የሰፈራችን ሰው ከብቱን ነድቶ ሸለቆ ወርዶ ተደበቀ። የመጀመሪያው ሙዚቃ ለባዶ ድንጋይ ተነፋ። ከሸለቆው ሆነው የሰሙት ናቸው በኋላ፣ «ተኩስ አይደለም፣ ጥሩምባ ነው» ብለው አንድ በአንድ ብቅ ያሉት። ከዚያ ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደዚያ የሚያሳልፈው ጉዳይ ያገኝ ጀመር። አንዱ ጥጃ ጠፍቶብኝ ይላል፤ አንዷ ጌሾ ልለቅም ትላለች። ሙዚቃ ልሰማ ነው የሚል ግን አልነበረም።

አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ለእግዚአብሔር መዘመርን፣ ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪውም ጎረቤቱም የኔታ ይላቸዋል። እናቴ ካረፈች በኋላ የምጦራቸው እኔ ነኝ። በዚያ ክረምት ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር።

ባሌ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ ከጉና ግርጌ የመጣ የገበሬ ልጅ። በተጋባን በዓመቱ ጣሊያን የወንድሙን ቤት ሲያቃጥልበት፣ የተማሪነቱን ደበሎ፣ ያን የበግ ለምዱን፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዱር ገባ። ጣሊያን ካልወጣ ፀጉሬን አልቆረጥም ብሎ እንደ ጓደኞቹ ጎፈሬ አሳደገ። ሲሄድ ነፍሰ ጡር ነበርሁ። ሴት ልጅ ወለድሁ። ቤታችን ግንቡንና የጣሊያንን ምሽግ በሚያገናኘው መንገድ ዳር ስለነበር፣ ወታደር ሲያልፍ ልጄን አቅፌ ድምፄን አጠፋለሁ።

የሙዚቀኞቹ አለቃ አባቴን ያወቃቸው በቤተ ክርስቲያን አጥር በኩል ነው። ተማሪዎቹ ሲያሸበሽቡ ሰምቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። በሌላ ቀን አስተርጓሚውን ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ።

«ተማሪዎችዎን ይዘው ግንቡ ላይ እንዲዘምሩ ይለምንዎታል» አለ አስተርጓሚው።

«ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው። ለሰው ዓይን አይቀርብም» አሉ አባቴ።

አስተርጓሚው ፈራ ተባ እያለ ነገረው። ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ለመስማት ይምጡ ይልዎታል።»

«ጉልበቴን ያመኛል በለው።»

አልተቆጣም። እሑድ እሑድ ወደ ግንቡ ሲያልፍ ብቻ በራችን ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ፣ «የኔታ» ይላል። አባቴ ድምፁን ለይተው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ያንን ሰላምታ አልወደድሁትም፤ መልሰው ሰላም ማለታቸውንም አልወደድሁም። ነገር ግን ሌላም ያየሁት ነገር ነበር። ሙዚቃው በሚጀመርበት ሰዓት አባቴ በርጩማዬን ጓሮ አውጪልኝ ይላሉ። «ፀሐይ ልሙቅ ነው» ይሉኛል። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ፀሐይ ከየት ይመጣል? በርጩማውን ወደ ግንቡ አቅጣጫ አስቀምጥላቸዋለሁ። አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ሲገቡ፣ «ከበሮውን የሚመታው ልጅ ይቸኩላል» አሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ያ በሬ የሚያገሳ የሚመስለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነፊው ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋ ትልቅ ናስ እንደሆነ ሰው ሲያወራ የሰማሁትን ነገርኋቸው። ደስ አላቸው። ያን ቀን እራታቸውን ጨርሰው በሉ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ የባሌ እኅት ከጉና ድንች በአህያ ጭና ለገበያ መጣች። እቤት ገብታ ድንቹን እያራገፈች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ነገ ይመጣል» አለችኝ። «ጥሩምባው ሲነፋ ይገባል፣ ሳያልቅ ይወጣል። የኬላ ጠባቂዎቹም በዚያ ሰዓት ሙዚቃ ሊሰሙ ይሄዳሉ ብዬዋለሁ።»

«ቢይዙትስ?»

«ብዬው ነበር። ልጄን ሳላይ ብሞትስ ይላል።»

አባቴ መደቡ ላይ ሆነው ሰምተውናል። በማግስቱ ከቅዳሴ ተመልሰው እህል ከቀመሱ በኋላ ንጹሕ ነጠላቸውን እንዳወጣላቸው አዘዙኝ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ወደ ግንቡ።»

«ጉልበትዎን ያምዎት የለ?»

«ዛሬ ተሽሎኛል። አንድ ሰው እዚያ መኖር አለበት» አሉና ወደ ባሌ እኅት ዞሩ። «አንቺ ምሪኝ።»

እጃቸውን ይዛ ስትመራቸው በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ያን ያህል መንገድ በእግራቸው ከሄዱ ቆይተው ነበር።

ጥሩምባው ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ ከጓሮ በኩል፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የለማኝ ተማሪ ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። የተዋሰውን ደበሎ ለብሶ፣ የልመና አኩፋዳ አንግቶ ቆሟል። ጎፈሬውን ተላጭቶታል። ከመክሳቱ ይልቅ የራሱ ቅል መታየቱ ነው ያስለቀሰኝ።

«ያበቅላል» አለኝ። «ሌላ መግቢያ አልነበረኝም።»

ልጅቱን ስሰጠው እጁን አይቶ ፈራ። «ይሻክራታል» አለ። እኔው ደበሎውን ገልጬ ደረቱ ላይ አስተኛሁለት። ጸጉሩን፣ የበጉን ጸጉር፣ በትንሽ ጣቷ ጨብጣ ዝም አለች። እሱም በመዳፉ ጀርባዋን ቀስ አድርጎ መታ መታ ያደርጋል። ሳዳምጠው አባቴ ያስተማሩት የከበሮ አመታት ነው። ከሩቅ የሚመጣው ሙዚቃና እሱ የሚመታው አይገጥሙም፤ እሱ ግን አልሰማውም። ስለ ዱር አንድም ነገር አልጠየቅሁትም። ያቆየሁለትን ዳቦ አቀረብሁለት፤ በአንድ እጁ በላ።

ድንገት ሰማዩ ተቀደደ። ከጉና በኩል በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሙዚቃውም ቆመ።

ሁለታችንም ተያየን። ዝናብ ከመጣ ወታደሩ ሁሉ ወደ ምሽጉ ይሮጣል፤ መንገዱ ደግሞ በደጃችን ነው፤ ከደጃፋችን ጣሪያ ሥር የሚጠለልም አይጠፋም። ልጅቱን ሰጠኝ። ተነሣ። በጓሮ እንዳይወጣ ውሃው የጓሮውን ፈፋ ሞልቶ ሲጮህ ይሰማል። በሩ ሥር ቆመን ጆሯችንን ጣልን። የእግር ድምፅ ጠበቅን። የበረዶው ድምፅ ብቻ ነው። ማንም አልመጣም።

እዚያ የሆነውን የባሌ እኅት ናት በኋላ የነገረችኝ። ዝናቡ ሲጥል ሙዚቀኛውም፣ ወታደሩም፣ ሕዝቡም፣ ያቺ ድንጋይ የደፋች ክፍል ውስጥ ተጋፍቶ ገባ። ጠባቂዎቹ ጥቂት እንደቆዩ ወደ ምሽግ እንሩጥ ብለው ተነሡ። በሯ አንዲት ናት። አባቴ ከዚያች በር ላይ መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ።

«ለሙዚቀኞቹ ቅኔ አለኝ፤ ስሙኝ» አሉ።

አስተርጓሚው ሲነግረው የሙዚቀኞቹ አለቃ ጠባቂዎቹን በእጁ አስቀመጣቸው። ክረምቱን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ነገር ነው። አባቴ በግእዝ ቅኔያቸውን ዘረፉ። ቅኔው አጭር ነበር፤ ያላጠረው ትርጓሜው ነው። ሰሙን ተናገሩ፣ ወርቁን ተናገሩ፣ የእያንዳንዱን ቃል ዘር ከነአባቱ ቆጠሩ፣ ተመልሰው ሰሙን እንደገና ተናገሩ። አስተርጓሚው ግእዝ የሚባል አያውቅም፤ ላቡ በፊቱ እየወረደ አፉ ያመጣለትን ይል ነበር። ሰውየው ግን ዓይኑን ከአባቴ ከንፈር አልነቀለም።

ቃል ሲያልቅባቸው ጠየቁት። «አገርህስ፣ እንዲህ ያለ ግንብ ላይ ማን ይነፋል?»

አባቱም በዚያ ፍራሽ ላይ ጥሩምባ ይነፋ እንደነበር ነገራቸው። ማታው ሞቃት ነው፣ ሰዉ ወይን ይዞ ይመጣል፣ አንድም ቀን ዝናብ አይቶ አያውቅም አለ። ከእጁ ያለው የዜማ ወረቀት ርሶ ቀለሙ ይንጠባጠባል። የባሌ እኅት እንዳለችኝ፣ ያን ጊዜ ሰውየው ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ።

«እንግዲያው ያን በሬ የሚመስለውን እዚሁ አስነፋልኝ» አሉት።

እቤት በር ሥር እንደቆምን ሙዚቃው እንደገና ጀመረ። ድንጋይ ውስጥ ስለሆነ ከመሬት በታች የሚመጣ ይመስላል። ባሌ ግራ ገብቶት አየኝ።

«አባባ ናቸው» አልሁት።

ተቀመጠ፤ ልጁን መልሶ ወሰደ። በረዶው አልፎ ውሃው እስኪጎድል ከእኛ ጋር ሆነ። ሲሄድ ዞር ብሎ አላየም፤ የለማኝ ተማሪ ዞር ብሎ አያይማ።

አባቴ ርሰው፣ በባሌ እኅት ላይ ተደግፈው ገቡ። ልብሳቸውን ስቀይርላቸው፣ «ሄደ?» አሉኝ።

«ሄደ አባባ።»

«አቀፋት?»

«አቀፋት።»

እሳቱ ዳር ተቀመጡና፣ «ያ ናስ ድንጋዩን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል» አሉ። ቅኔውን ስጠይቃቸው ረስተውታል። «ጥሩ ነበር መሰለኝ» አሉ ብቻ።

ያ ዝናብ ደረታቸው ላይ ቀረ፤ እስከ መስቀል ሳሉ። ከሳሉ የባሰው ግን የሰው ነገር ነበር። የኔታ ለጣሊያን ቅኔ ተቀኙ ተባለ። ከካህናቱ አንዳንዶቹ ሰላምታ ነሷቸው። አብረዋቸው ያደጉት አንድ ቄስ ማኅሌት ላይ ከጎናቸው መቆም ትተው ወዲያ ማዶ መቆም ጀመሩ። እኔ ልናገር ብል፣ «የባልሽ ነፍስ በአፍሽ ላይ ናት፤ ዝም በይ» ይሉኛል። ተማሪም ቀነሰባቸው። የቀሩትን እንደ ድሮው ያስተምሩ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን ዝምታቸው ረዘመ፤ የልጅ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ስትቀመጥ ካልሆነ አይፈቱም።

በሚቀጥለው ክረምት ሙዚቃ አልነበረም። አርበኛው ቀርቦ ስለነበር ጣሊያን ከምሽጉ አይወጣም። ከዚያም ወዲያ እጁን ሰጠ። ምርኮኞቹ ተሰልፈው በደጃችን ሲያልፉ የሙዚቀኞቹ አለቃ ከመካከላቸው ነበር፤ ሆዱ ጎድሎ፣ ጢሙ አድጎ። ጥሩምባ አልያዘም። እንደ ልማዱ ቀና ብሎ፣ «የኔታ» አለ። አባቴ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ስለሱ የሰማሁት የለም።

ባሌ ጎፈሬው እንደገና አድጎ፣ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሰው በአባቴ ላይ ያደረገውን ነገርሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ጠመንጃውን ለእኅቱ ሰጠና፣ ደጀ ሰላሙ ፊት ለተቀመጡት አባቴ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ ተነሥቶ ያን እሑድ የት እንደነበረ፣ በሯን ማን እንደዘጋለት ለሰዉ ሁሉ ተናገረ።

ያ ቄስ ከሰዉ መካከል ወጥተው መጡ። አባቴ በእግራቸው አረማመድ ለዩዋቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ቄሱ ማልቀስ ሲጀምሩ አባቴ፣ «ቤት ግቡ፤ ምሳ አለ» አሏቸው። መቋሚያቸውን ለቄሱ ሰጥተው፣ በእኔ ላይ ተደግፈው፣ ሦስታችንም ቀስ እያልን ወረድን።