ዋርካውን ከደጁ የተከለ ሰው

በቀይ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ዞዋንን የማያውቅ ሰው ቢኖር ደንቆሮ ብቻ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከመንደሩ አዳራሽ በላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጎህ ሳይቀድ ሲያነበንብብን ኖሯል፤ ስለ ሩዝ ችግኝ፣ ስለ አሳማ ክትባት፣ ስለ ንጽሕና። ጡረታ ወጣ፤ ድምፅ ማጉያውም ዛገ። አፉ ግን አልዛገም።

ሁሉም ነገር ቦታ አለው ይባላል። ዞዋን የተፈጠረው ነገርን ከቦታው ለመንቀል ነው። በኅብረት እርሻው ዘመን የሥራ ቡድን አለቃ ሆኖ ስኳር ድንች ውሃ በሚተኛበት ረግረግ አስተከለን፤ ድንቹ በስብሶ እንቁራሪት ለቅመን ገባን። በገዛ ግቢው ደግሞ ውሃ ወዳዱን ጎደሬ ከደረቅ ጉብታ ላይ ሰቀለው፤ ፀሐይ ወዳዱን ቃሪያ ከትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቀበረው። ቃሪያው አላፈራ ሲለው ጥፋተኛዋ ዘሩን የሸጠችለት ሴትዮ ሆነች፤ ገበያ መሃል አዋረዳት። እንግዲህ ባለቀለም መጽሔት ገልጦ የአትክልት ሊቅ የሆነብን ይህ ሰው ነው።

እኛ ዘንድ የግቢን ሕግ ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል፦ ከፊት አሬካ፣ ከኋላ ሙዝ። ቤት ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። አሬካ መለሎ ዘንባባ ነው፤ ቅጠሉን አናቱ ላይ ብቻ ስለሚሸከም የበጋውን ነፋስ በግንዱ መሃል አሳልፎ ወደ ቤት ይሰዳል። ሙዝ ከኋላ ቆሞ በሰፊ ቅጠሉ የሰሜኑን ብርድ ይመክታል፤ የማዕድ ቤቱንም እጣቢ ይጠጣል። ይህን ያወቁት አባቶቻችን መጽሔት አልነበራቸውም። በርዷቸውና ሞቋቸው ነው ያወቁት።

የዞዋንን ደጅ አሬካዎች የተከሉት ሟቹ አባቱ ናቸው። እናቱ እማማ ኙዋን ፍሬውን ኖራ በተቀባ ቅጠል እየጠቀለሉ ሲያኝኩ አርጅተዋል። አሮጊቷ በቀረቻቸው ዕድሜ የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፦ የልጅ ልጃቸው፣ የዞዋን ልጅ ሎክ፣ ሲያጭ ከዚያው ደጅ የተቆረጠ የአሬካ ዘለላ ወደ ልጅቷ ቤት እንዲሄድ፣ ሙሽራይቱም በዚያው ደጅ እንድትገባ። ሎክ ደግሞ የሚሞትላትን አግኝቷል፤ ሚየን የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ።

አንድ ጠዋት የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቼ በአጥሩ ላይ አንገቴን ባወጣ አሬካዎቹ ተጋድመዋል። ከጓሮ ያሉት ሙዞችም እንደዚያው።

«ዞዋን፣ ምን ነካህ?»

«ዕይታ ይከልላሉ።»

«ሸንበቆ የሚያክል ግንድ ምን ይከልላል?»

«አንተ መቼም ውበት አይገባህም» አለኝ። «ሙዝ የድሃ ጓሮ ነው። ጽጌረዳ አስመጥቻለሁ፣ ከተራራ። ከፊት የሚቆመውን ደግሞ ሲመጣ ታየዋለህ።»

በጭነት መኪና መጣ። ዋርካ! ሥሩ በጆንያ የተጠቀለለ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ሽማግሌ ዋርካ። ከየት እንደነቀለው ሹፌሩን ብጠይቀው «ከፈረሰ መቅደስ ጀርባ፣ ባለቤት የለውም» አለና ዛፉ ገና መሬት እንደነካ መሪውን ጠምዝዞ እንደ ሌባ ሸሸ።

እማማ ኙዋን ደረጃው ላይ ቆመው ተጣሩ። «ልጄ፣ ዋርካ የመቅደስ ዛፍ ነው። ሰው ደጅ አይቆምም፣ አድባሩ ይከተለዋል።»

«እማዬ፣ አድባር የሚባለው የድንቁርና ቅሪት ነው። እኔ ራሴ በድምፅ ማጉያ አንብቤዋለሁ!»

ይህን ያህል ነው ማስረጃው። አንብቦታል፤ ስለዚህ እውነት ነው።

ዋርካው ጸደቀ። ዞዋን በሕይወቱ የተከለው ነገር ሲጸድቅ ያየነው ያኔ ነው፤ ሊጸድቅ የማይገባው ሆኖ ተገኘ እንጂ። በጋው ገባ፤ የደቡቡ ነፋስ መንደሩን ሁሉ አዳርሶ ዞዋን ደጅ ሲደርስ የቅጠል ግድግዳ ገጭቶ ተመለሰ። ቤቱ የሩዝ መቀቀያ ድስት ሆነ። የተራራ ጽጌረዳዎቹ የማዕድ ቤት እጣቢ እየተጎነጩ ባንድ ወር በሰበሱ፤ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ የሰሜኑ ነፋስ በጓሮ በር እንደ ቤተኛ ገባ። ዞዋን በጋውን እርቃኑን፣ ክረምቱን ተጀቡኖ «ውበት ዋጋ ያስከፍላል» ይል ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን የሴቶቹ ነገር ነው። ከመቅደሱ የተፈናቀለ አድባር መንደራችን ገብቷል ተባለና በየጨረቃው መጀመሪያ የዕጣን እንጨት ከዛፉ ሥር ይሰኩ ጀመር። አንዷ የተቀቀለ ዕንቁላል አኖረች፤ ሌላዋ ሙዝ።

«ይኼ የግል ግቢ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ወደ ግቢህ ማን መጣ?» አለችው ዕጣን የያዘችው። «የመጣነው ወደ ዛፉ ነው። ዞር በል፣ ጥላሽት እንዳይነካህ።»

የሚየን ዘመዶች ቤት ሊያዩ የመጡት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ልጅ ከመስጠት በፊት የወንዱን ቤት ማየት ወግ ነው፤ ያ ቀን ካላማረ ዘለላም የለ፣ ሰርግም የለ። ሎክ ግቢውን ሲጠርግ ማለዳውን ፈጀ። የዕጣኑን ስባሪ ሊለቅም ቢል አያቱ «የአድባርን ነገር አትንካ» ብለው እጁን ያዙት። ዞዋን ኮት ለብሶ ከዋርካው ሥር እንደ ሐውልት ቆመ።

ሚየንን ያሳደገቻት አክስቷ ቲን ናት፤ ጥርሷ በጥንቱ ወግ የጠቆረ፣ ምላሷ ግን እንደ አዲስ ማጭድ የሚያበራ ሴት። ከሞተር ብስክሌቱ ወርዳ በሩን ስታልፍ ዛፉን አየች። ዕጣኑን አየች፤ ዕንቁላሉን አየች። መዳፎቿን ገጥማ ለዋርካው ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«አያችሁ!» አለ ዞዋን ለዘመዶቿ፣ በድምፅ ማጉያ ድምፁ። «ውበት እጅ ያስነሣል!»

ቲን ቀና አለች። «ወንድም ዞዋን፣ ይቅር በለን። እኛ ቤት ልናይ ነበር የመጣነው። መቅደስ መሆኑን ማን ነግሮን? ብናውቅ ባዶ እጃችንን እንመጣ ነበር?»

ዘመዶቿ በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሎክ አመድ መሰለ። «አክስቴ፣ ዛፍ ብቻ እኮ ነው…»

«ልጄ፣ አንተ ላይ ቅር አላለኝም። ግን እኔ ያሳደግኳት አማት የምትችል ልጅ ነው፤ አድባር የምትችል አይደለም።» ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

«አባዬ፣ ዛሬውኑ አስቆርጠው» አለ ሎክ።

ዞዋን መጥረቢያ የሚይዝ ሰው ፍለጋ መንደሩን ዞረ። ያገኘው መልስ ሁሉ አንድ ነበር፤ ዛፍ ቆራጩ በሁላችንም ስም ነገረው። «አድባር የለም ብለህ ያነበብከው አንተ ነህ። በል፣ አንተው ቁረጠው።»

በአጥሩ ላይ ሆኜ አየሁት። ኮቱን አወለቀ፤ መጥረቢያውን ትከሻው ድረስ አነሣ። ነፋስ ሽው ሲል አንዲት ደረቅ ጭራሮ አናቱ ላይ ጠብ አለች። መጥረቢያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «ወገቤን ያመኛል» አለ። ዕድሜውን ሁሉ የድንቁርና ቅሪት ሲያነብልን የኖረው ሰው በጭራሮ ተረታ።

ሳምንት ሳይሞላ ቲን ላከች፦ ልጅቷ ወደዚያ አትመጣም፤ ልጁ ከፈለጋት ወደዚህ ይምጣ። እኛ ዘንድ ሚስቱ ቤት የሚገባ ወንድ ከቁም ሳጥን ሥር የሚተኛ ውሻ ነው የሚባለው። ዞዋን ይህን ስድብ ለልጁ ጮኾ አሰማው፤ እኔም ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።

«አባዬ፣» አለው ሎክ፣ «ከቁም ሳጥኑ ሥር ቢያንስ ነፋስ ይደርሰኛል።»

እማማ ኙዋን ያን ቀን አጥሬ ሥር መጡ። «ጎረቤቴ፣ ከአሬካህ አንድ ዘለላ ለልጄ።» ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ከአናቱ ያለውን፣ ያማረውን ዘለላ ቆረጥኩላቸው። ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያሳደጉ ሴት ለልጅ ልጃቸው ማጫ ከጎረቤት እንዲለምኑ ያደረጋቸው ልጃቸው ነው፤ ይህን በመጽሔቱ ያንብበው። ሎክ ወደ ሚስቱ ቤት ሲወጣ አያቱ ከተቆረጡት አሬካዎች የመጨረሻ ፍሬዎች ከውሃ ገንቦው ጀርባ ያበቀሏቸውን ችግኞች አስታቀፉት።

ዞዋን አሁን ከዋርካው ሥር ነው። ሴቶቹ ዕጣን ሲሰኩ ጸሎቱን ከወረቀት የሚያነብላቸው እሱ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያው ድምፅ። አመዱንም እሱ ይጠርጋል። ዕንቁላሉን ማን እንደሚበላው አድባሩ ያውቃል።

ባለፈው ጊዜ ልጁን ሊጠይቅ ወንዙን ተሻገረ። አሬካዎቹ ከቲን ቤት ፊት፣ በደቡብ በኩል፣ ጉልበት ደርሰዋል። ዞዋን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቃኛቸው።

«እነዚህን ወደ ጓሮ ብታዞሯቸው…»

«ወንድም ዞዋን፣» አለች ቲን፣ «ሻይህን ጠጣና ወደ አድባርህ ሂድ።»