ቤቱን የሚለቁበት ሰዓት

ኮምቦልቻ ያለውን ቤቴን በቀን ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ሁለት ጊዜ ጽፌአለሁ። የመጀመሪያው «ከተመቸዎት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት ቢወጡ ደስ ይለናል፤ ካልተመቸዎትም ቤቱ ቤትዎ ነው» ይል ነበር። እንግዶቹ ቃሌን አምነው እስኪመሽ ተቀመጡ። ለዚያ ሌሊት ቤቱን አስቀድመው የተከራዩ ሙሽሮች ከሐርቡ መጥተው ሻንጣቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆሙ። ልጄ ወረቀቱን አነበበችና «እማ፣ ይሄ ሂዱ ነው ወይስ ቆዩ?» አለችኝ።

እንግዳ ሂድ በማይባልበት ቤት ነው ያደግሁት። የባለቤቴ ታላቅ እህት «ለሦስት ቀን ነው» ብላ ከደሴ መጥታ መኝታ ቤቴ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረች። እኔ አራስ ሆኜ ልጄን ታቅፌ ማድ ቤት ተኛሁ። ባለቤቴም እኔም ሂጂ አላልናትም።

ሁለተኛውን ወረቀት ስጽፍ ያ ማድ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ብሎ ነበር። «ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቤቱን ይልቀቁ። ቧንቧውን ይዝጉ፤ መብራቱን ያጥፉ፤ ቁልፉን ለጎረቤት ይስጡ።»

በቅርቡ የሚከራየውን ቤት ሳጸዳ ያችው የባለቤቴ እህት ልትጠይቀኝ መጥታ አነበበችው።

«ወላሂ፣ እንግዳ እንዲህ ይባላል?»

«አይባልም፣ እትዬ። ስለማይባል ነው የጻፍኩት።»

«ያኔ ለጥፈሽው ቢሆን እኮ እሄድልሽ ነበር!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሲመሻሽ ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ግን በሩን አልከፈተችም። ይደሩ እስክላት እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ።

«የደሴ ሚኒባስ ሳያልቅ ይድረሱ» አልኳትና በሩን ከፈትኩላት።