ሆዳቸውን ሳልዳስስ ያከምኳቸው ቄስ

ሥራ በገባሁበት ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ሙሉቀን የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ፣ የሕመምተኛ መዝገብና አንድ ምክር አስረከቡኝ። «እዚህ አገር ያለው በሽታ ሦስት ነው» አሉኝ፤ «ሳል፣ ተቅማጥና ቁርጠት። ሌላ ይዞ የመጣ እንደሆነ ቅጹ ላይ ‹ሌሎች› የሚል ረድፍ አለልህ።»

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ክሊኒኩ ላስታ ውስጥ፣ ከብልባላ ከተማ ወደ ላይ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤትና አንድ የምርመራ አልጋ። ማዕረጌ ጤና ረዳት ነው። ነጭ ጋወኔን ያየ ሁሉ «ሐኪም» ይለኝ ነበር፤ እኔም ለማረም አልቸኮልኩም።

የላስታ ወንድ ሽንት አስቸገረኝ አይልም። «ወገቤን» ይላል። ወገቡን ስትይዝለት «ትንሽ ዝቅ በል» ይላል። ዝቅ ስትል ደግሞ «ተወው፣ ደኅና ነኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል። መዝገቤን ያየ ሰው በዚያ አገር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወንድ ያለ አይመስለውም።

ቄስ ምስጋናውም በወገብ ነው የጀመሩት። ስድሳን ያለፉ፣ ሲቀድሱ ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጭ የሚሰማ ሰው ናቸው። በሩን ዝጋ አሉኝ፤ ዘጋሁ። መስኮቱንም አስዘጉኝ።

«ልጄ፣ ልብሴ ይረጥባል። ሳላውቀው ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ሁኜ እንዴት መቅደስ እገባለሁ? ይኸው ሦስት ወር ከደጅ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ሌላ ቄስ ይተካ እያሉ ነው። ዕድሜዬን ያገለገልሁበት ቤት ነው፤ ከዚያ ከወጣሁ ምን ቀረኝ?»

እኔ አዋቂው አልዘገየሁም። የሚያፈስ ጣራ ይደፈናል። «ፊኛዎ ተቆጥቷል፣ የሚያረጋጋ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸውና ለሆድ ቁርጠት የምናድለውን ሃዮሲን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ሆዳቸውን አልነካሁም። የቄስ ሆድ መዳሰስ ድፍረት መሰለኝ። መዝገቡ ላይ «ሌሎች» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ። ሽንታቸው ጨርሶ ተዘግቷል። ከእምብርታቸው በታች ሆዳቸው እንደ ቅል ጠጥሯል፤ እጄን ሳሳርፍበት ጮኹ። ያን ጊዜ ገባኝ። ፊኛው መጀመሪያም ሙሉ ነበር። ጡንቻው ደክሞ መጭመቅ ስላቃተው ከሞላው የተረፈው ነበር ጠብ ጠብ የሚለው። እኔ ደግሞ ለደከመ ጡንቻ የሚያስተኛ ኪኒን ሰጠሁት።

ጓንት አጥልቄ፣ የተቀቀለውን የሽንት ቱቦ፣ ካቴተሩን፣ ቅባት ቀብቼ አስገባሁ። በአንዴ እንዳይወርድ ቱቦውን እየቆለፍኩ ሳህኑ አራት ጊዜ ሞላ። ቄሱ ዓይናቸውን ከድነው «እግዜር ይስጥህ፣ እጅህ ይባረክ» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባ፣ ለዚህ ያበቃዎት የኔ ኪኒን ነው» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው «ንስሐ አባት አለህ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ አለህ። አርባ ስግደት።»

ሰገድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ወገቤን ያመመኝ እኔ ሆንኩ።

በማግስቱ ቱቦው እንደተደረገላቸው ከተማ ወዳለው ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ በጣቱ መርምሮ «ፕሮስቴት ዕጢው አልዘጋም፣ የፊኛው ጡንቻ ነው» አለ። «ሽንት የመያዝ ልማድ አለዎት?»

ቄሱ ጥያቄው ገረማቸው። «ቅዳሴ ገብቼ ሳያልቅ ወዴት እወጣለሁ? የአገሬ ቄስ ሁሉ ይይዛል።»

ሐኪሙ ቤታኔኮል ጻፈ። «ጡንቻው እንዲጨምቅ ይቀሰቅሳል» አለኝ፤ «ተአምር ግን አትጠብቅ፣ ለሁሉም አይሠራም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት። ቢመጣም ባይመጣም በየአራት ሰዓቱ ይሽኑ፤ ከጨረሱ በኋላ ጥቂት ቆይተው ደግመው ይሞክሩ።»

የወሩ ግምገማ ደረሰ። ግለ ሂስ ሳደርግ ሰው ልገድል እንደነበር ሳልደብቅ ተናገርኩ። አቶ ሙሉቀን «እሱን ተወውና ሪፖርቱን ለምን ሁለት ቀን አዘገየህ?» አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የጊዜ አጠቃቀም ችግር አለበት፣ በሂደት ይታረማል» ተብሎ ሰፈረ። ስለ ፊኛ አንድ ቃል የለም።

መድኃኒቱን ከጤና ቢሮ በሦስት ኮፒ ጠየቅኩ። መልሱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ «ከዝርዝር ውጭ በመሆኑ በምትኩ ሁለት ቆርቆሮ ሃዮሲን ተልኳል።» ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። በመጨረሻ የቄሱ ልጅ ከአዲስ አበባ የግል መድኃኒት ቤት በአውቶቡስ ሾፌር አስመጣው። እስከዚያ በቱቦ እያወጣሁላቸው ቆየን።

«በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው» ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ባዶ ሆድማ ሞልቶናል። ግን ለቅዳሴ የሚቆም ሰው ውኃም ኪኒንም አይቀምስም።» ዓቢይ ጾም ነበር፤ ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ሲወጡ ይዋጡትና አንድ ሰዓት ቆይተው ይብሉ።»

«በጾም ላይ ጾም ጨመርህብኝ በለኛ!»

የጠዋቷን ትተን በሁለት ተስማማን። ከተማ ወርጄ ስደውልለት ሐኪሙም «ጭራሽ ካለመዋጥ ይሻላል» አለ።

መጀመሪያ አላባቸው፤ «ምራቄ እየሞላ ዜማ አላስኬደኝ አለ» ብለው ተማረሩ። ከዚያ ግን ከሸኑ በኋላ በቱቦ የማወጣው እያነሰ ሄደ፤ ልብሳቸውም ደረቀ።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ መቅደስ ገቡ። ቅዳሴውን ያሳለፍኩት ሰዓቴን እያየሁ ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እንዳለቀ ከቅጥሩ ጀርባ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ሄዱ። በመጨረሻ ከሕዝቡ መሐል ፈልገው ሁለት ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ሁለቴ ሸንቻለሁ ማለታቸው ነው። አጠገቤ የቆመ ደብተራ ፊቱን አጠቆረ፤ በዚያ አገር ቄስ ሁለት ጣት ሲያወጣ «ሁለት ባሕርይ» ባይ ነው ተብሎ ሃይማኖቱ ይጠረጠራል። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

ያዳናቸው መድኃኒቱ ይሁን ሰዓት ጠብቆ መሽናቱ ዛሬም ለይቼ አላውቅም። የማውቀው ይህን ነው፤ ሽንት ለሚያመልጠው ወንድ ኪኒን ከመስጠታችሁ በፊት ሆዱን ዳስሱ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።