አማቴና የአየርላንዱ ቀብር

በምንኖርባት በሬንተን ከተማ አማቴ ያልደረሱበት ለቅሶ የለም። ሟቹን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ሶ፣ ትንሽ ይረፉ ብዬ አየርላንድ ወሰድኳቸው። ከቱሪስቶች ጋር በአውቶቡስ ገጠሩን እንዞራለን።

በሁለተኛው ቀን አንዲት መንደር ውስጥ አስከሬን የጫነ መኪና መንገዱን ዘጋው። ከኋላው ቀባሪው በእግሩ ይከተላል። አስጎብኚው "ትንሽ እንጠብቅ" ብሎ ሳይጨርስ አማቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወርደዋል።

"እማማ፣ ይመለሱ! ሰዎቹን አናውቃቸውም!"

"አስከሬን እያለፈ ቁጭ ብለህ ልታይ ነው? ደግሞ ሰው ነኝ ትላለህ!"

ምን ላድርግ፣ ተከተልኳቸው። መቃብሩ ዳር ቆመን አማቴ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ከቀባሪው ሁሉ የሚያለቅሱት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አውቶቡሱ ሙሉ ቱሪስት በመስኮት ያየናል።

ቀብሩ እንዳለቀ የሟቹ ልጅ፣ ጠና ያለች ሴትዮ፣ ወደ እኛ መጣች።

"አባቴን ታውቁት ነበር?"

ወደ አማቴ ዞርኩ።

"ደግ ሰው ነበሩ፣ ቤታቸው ለሰው ሁሉ ክፍት ነበር በላት" አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

እንዳለ ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ወንድሟን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቀብር ሳትሳሳቱ አልቀራችሁም" አለችን።