አንዱን ምረጪ

ባለፈው ሳምንት ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ለኢንተርቪው ሄድኩ። ሰውዬው ሲቪዬን ሲያገላብጥ ቆየና «ኬሚስትሪ ተመርቀሽ ብስክሌት ጥገና፣ ዳንቴል፣ ዳማ፣ መዝሙር... ለመሆኑ አንቺ ምንድነሽ? አንዱን ብትይዢ አይሻልም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ይቺን ጥያቄ እኮ ስድስተኛ ክፍል እያለሁ መልሻታለሁ።

ያኔ አቃቂ በሰቃ ነው የምንኖረው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ ጋሽ ሰይድ ጋ ነበር የምሄደው። ከወሎ የመጡ፣ መንገድ ዳር ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። የማስቲሹና የግራሶው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የጎማውን ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ስፈልግ ሰዓቱ መቼ እንደሄደ አላውቅም። ከዚያ እጄን በአመድ ፈትጌ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጋ ዳንቴል፤ ነጩ ክር ላይ ሁሌ የግራሶ አሻራ ስለሚቀር «የመካኒክ ዳንቴል!» ይሉኝ ነበር። በቆርኪ ዳማ የሰፈሩን ወንዶች አስለቅሳለሁ፤ እሁድ ደግሞ መዝሙር።

ሁለተኛ እወጣ የነበርኩት ልጅ ዘጠነኛ ወጣሁ። አባዬ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ አንድ ማሽን ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ካርዴን አይቶ «ከሁለት ያጣ ጎመን ልትሆኚ ነው! እስከ ቅዳሜ አንዱን ምረጪ፣ ሌላውን ትተያለሽ» አለኝ።

እንዴት ልምረጥ? በዳማ ተሸንፌ ስበግን የሚያበርደኝ ዳንቴሉ ነው። ሒሳቡ እምቢ ሲለኝ ጎማ ነፍቼ ስመለስ እሺ ይለኛል። አንዱን ብቻ ይዤ ብቀር እንደማብድ በዚያ ዕድሜዬም አውቄዋለሁ።

ቅዳሜ አባዬ የሚወላገደውን ብስክሌቱን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላው እየጎተተ ጋሽ ሰይድ ጋ ወሰደኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ልጅ እንዳያስጠጓት።»

«እሺ፣ አባት ነህ። ግን ጎማህን ታቅናልህና ትሂድ» ብለው የራጂ ቁልፉን ሰጡኝ።

ራጂ ማለት የጎማውን ክብ ብረት፣ ቸርኬውን፣ ከመሐሉ ጋር ወጥሮ የሚይዘው ቀጭን ሽቦ ነው። ጎማ የሚቀናው ሁሉንም በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እያጠበቁ እያላሉ ነው። እኔ ግን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር አንዷን ራጂ ብቻ ያዝኩና ባለኝ ጉልበት ሁሉ አጠበቅኳት። ቸርኬው ተጣሞ ፎርኩን ይፈጭ ጀመር።

«ቲጂ! ምን እያደረግሽ ነው?» ጮኸ አባዬ።

«አንዱን መርጬ ነው።»

ጋሽ ሰይድ ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «በል ስማ! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማህም?»

አባዬ አልሳቀም። ኩርኩም አቀመሰኝና ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሺፍት ገባ። ግን ከዚያ ቀን በኋላ «ምረጪ» ብሎኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ሰሚስተር አምስተኛ ወጣሁ። አንደኛ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አልወጣሁም፣ ምን ይደረግ።

ዛሬ ጋሽ ሰይድ የሉም። የራጂ ቁልፋቸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦታቸው ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በር ላይ ቁጭ ብሎ የፋብሪካ ሰርቪስ ሲያልፍ ያያል። ማሽኑ ሲቀርበት የሚይዘው ሌላ ነገር አልነበረውም። እሱን እያየሁ ነው እንግዲህ ሰዎች «አንዱን ያዢ» የሚሉኝ!

ለሰውዬው «ሁሉንም ነኝ» ብዬው ወጣሁ። ከፈለገ ይቅጠረኝ፣ ካልፈለገ ይተወው።

ቤት ስደርስ አባዬ የድሮ ብስክሌቱን ከጓሮ አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። እሱ የዳማ ገበታዬን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቧራውን ይጠርጋል።

«ቲጂ፣ የቱን ልጀምር?» አለኝ፣ እንደማፈር ብሎ።

«ማነው አንዱን ምረጥ ያለህ?» አልኩትና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።